አንድ ትዝታ፣ ሁለት ሰው፦ የ«ኦብሊቪየን» ፊልም መጨረሻ ሲብራራ

«ኦብሊቪየን» በጆሴፍ ኮሲንስኪ ዳይሬክተርነት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ለዕይታ የበቃ፣ ምድር ከጠፋች በኋላ ያለውን ዘመን የሚተርክ የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም ነው። ቶም ክሩዝ፣ ኦልጋ ኩሪሌንኮ፣ አንድሪያ ራይዝቦሮ እና ሞርጋን ፍሪማን ተውነውበታል። የፊልሙን ጦርነትና የአየር ላይ ፍልሚያ መከታተል አይከብድም። ተመልካቹን የሚያስቸግሩት የመጨረሻዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው። ባሏን በሞት ያጣች አንዲት ሴት ከልጇ ጋር በሐይቅ ዳር ስትኖር፣ ከሦስት ዓመት በኋላ የባሏ መልክ፣ የባሏ ድምፅና የባሏ ትዝታ ያለው ሌላ ሰው ይመጣል። ሰውየው «እሱ ነኝ» ይላል፤ ፊልሙም በዚሁ ድምፅ ያበቃል። ይህ ሰው በእርግጥ እሱ ነውን? እሱ ካልሆነስ ማን ነው?

ይህን ጥያቄ ለመመለስ ሦስት ነገሮችን መረዳት ያስፈልጋል፤ እነሱም ታሪኩ በእርግጥ እንዴት እንደተፈጸመ፣ ትውስታ የሚባለው ነገር በሰው አእምሮ ውስጥ ምን እንደሆነ፣ ፈላስፎችም ስለ ማንነት ለሦስት መቶ ዓመታት ያህል ምን ሲከራከሩ እንደኖሩ ናቸው። እንደ እኔ አስተያየት ፊልሙ በመጨረሻ በአንደበቱ የሚሰጠው መልስ አንድ ሆኖ ሳለ፣ ታሪኩ ራሱ የሚያሳየው ግን ሌላ ነው። ታሪኩ የሚያሳየው ደግሞ ከንግግሩ የጠለቀ ይመስለኛል። ፊልሙን ያላዩ አንባቢዎች ከዚህ በታች ታሪኩ እስከ ፍጻሜው እንደሚገለጥ አስቀድመው ይወቁ።

ክስተቶቹ በቅደም ተከተል

ፊልሙ ታሪኩን ሆን ብሎ ከመካከሉ ይጀምራል። ክስተቶቹን በተፈጸሙበት ቅደም ተከተል መደርደር ብቻውን ግማሹን ግራ መጋባት ያስወግዳል።

በፊልሙ ዓለም እ.ኤ.አ. በ2017 «ኦዲሲ» የተባለች የጠፈር መንኮራኩር ታይታን ወደምትባለው የሳተርን ጨረቃ ለመጓዝ ትነሣለች። አዛዡ ጃክ ሃርፐር ነው፤ አብራው መንኮራኩሯን የምታበረው ቪክቶሪያ ኦልሰን ናት። የቀሩት ተጓዦች ለረጅሙ ጉዞ በሰው ሠራሽ እንቅልፍ ላይ ሲሆኑ፣ የጃክ ሚስት ጁሊያም ከእነሱ መካከል ትገኛለች። መንኮራኩሯ ምንነቱ ካልታወቀ ግዙፍ ነገር ጋር ትገናኛለች፤ ነገሩም ወደ ራሱ ይስባታል። ጃክ ማምለጫ እንደሌለ ሲረዳ የተኙት ሰዎች ያሉበትን ክፍል ገንጥሎ ወደ ምድር ምሕዋር ይልከዋል። እሱና ቪክቶሪያ ግን ይያዛሉ። ከእናት የተወለደው ጃክ፣ ኢምፓየር ስቴት በተባለው የኒውዮርክ ሕንፃ አናት ላይ ለጁሊያ የጋብቻ ጥያቄ ያቀረበው ጃክ፣ ከዚህ በኋላ በታሪኩ ውስጥ የለም። አንባቢ ይህን ነጥብ አጥብቆ እንዲይዝ እጠይቃለሁ፤ ምክንያቱም በትዝታ ከሚታዩትና በመንኮራኩሯ የበረራ መቅረጫ አማካይነት ከምናውቃቸው ትዕይንቶች በስተቀር፣ በፊልሙ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የምንከተለው ጃክ ሁሉ ቅጂ ነው።

ያ ግዙፍ ነገር «ቴት» ይባላል። ከፕላኔት ወደ ፕላኔት እየተዘዋወረ ኃይል የሚመጥ፣ ራሱን ችሎ የሚያስብ ማሽን ነው። ቴት የጃክንና የቪክቶሪያን ቅጂዎች በሺዎች ያባዛል። የምድርን ጨረቃ ይሰባብራል፤ በዚህም የተነሣ የመሬት መንቀጥቀጥና ግዙፍ የባሕር ማዕበል ከተሞችን ያወድማል። ከዚያም ትውስታቸው የተሰረዘ፣ ለመግደል የተዘጋጁ በሺዎች የሚቆጠሩ ጃኮች ወርደው የተረፈውን ሕዝብ ይፈጃሉ። ጦርነቱ ሲያበቃ ግዙፍ ማሽኖች የባሕርን ውኃ እየመጠጡ ወደ ኃይል መቀየር ይጀምራሉ፤ የታጠቁ ድሮኖች ማሽኖቹን ይጠብቃሉ፤ ድሮኖቹን የሚጠግኑት ደግሞ አንድ ጃክና አንዲት ቪክቶሪያ እየሆኑ በየማማው የተመደቡ ጥንዶች ናቸው። ለእነዚህ ጥንዶች የሚነገራቸው ታሪክ ግን የተገለበጠ ነው። የሰው ልጅ ጦርነቱን አሸንፎ ወደ ታይታን እንደተሰደደ፣ በምድር ላይ የቀሩት ተሸናፊዎቹ ወራሪዎች እንደሆኑ፣ የእነሱም ትውስታ ከአምስት ዓመት በፊት ለምስጢር ጥበቃ ሲባል እንደተሰረዘ ይነገራቸዋል። ከተመደቡበት ክልል ባሻገር ያለው አካባቢ በጨረር የተበከለ ነው ስለሚባሉ ድንበሩን አይሻገሩም፤ ስለዚህም እርስ በርስ አይተያዩም። በየቀኑ ትእዛዝ የምትሰጣቸው ሳሊ የተባለች ሴት ምስል እንኳ በ2017 ከምድር ሆና የኦዲሲን ጉዞ ትመራ ከነበረች ሴት የተሰረቀ ነው።

ፊልሙ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ2077፣ በ49ኛው ማማ ነው። ይህ ጃክ ሁልጊዜ አንድ ሕልም ያያል፤ ከጦርነቱ በፊት፣ እሱ ሊኖር በማይችልበት ዘመን፣ በሕንፃ አናት ላይ የቆመች ሴት ታየዋለች። ከሌሎች ተደብቆም በአንድ ሐይቅ ዳር ቤት ሠርቶ ከፍርስራሽ ያገኛቸውን መጻሕፍትና የሙዚቃ ሸክላዎች ያከማቻል። ለ60 ዓመታት በምሕዋር ላይ የተኙት ሰዎች ያሉበት ክፍል ምድር ላይ ሲወድቅ ድሮኖች እንቅልፈኞቹን ይገድላሉ፤ ጃክ አንዷን ብቻ ያድናል። እሷም ጁሊያ ናት፤ በሕልሙ የሚያያት ሴት። «ወራሪዎች» የተባሉት በእርግጥ የተረፉ ሰዎች መሆናቸውን፣ መሪያቸው ማልኮም ቢች የተባለ ሽማግሌ መሆኑን ይደርስበታል። የተከለከለውን ድንበር ሲሻገር ደግሞ ከ52ኛው ማማ ከመጣ ሌላ ጃክ ጋር ፊት ለፊት ይገጥማል። ከብዙ ፍልሚያ በኋላ 49 ቁጥር ከቢች ጋር ሆኖ ቦምብ ይዞ ወደ ቴት ይገባል፤ ቴትን አጥፍቶ ራሱም ይሞታል። ጁሊያ በሐይቁ ዳር ቤት ልጁን ወልዳ ታሳድጋለች። ከሦስት ዓመት በኋላ የሚመጣው 52 ቁጥር ነው።

ምን ተሰረዘ፣ ምን ቀረ?

የጃክ ትውስታ ተሰርዟል ቢባልም መናገር፣ አውሮፕላን ማብረርና ውስብስብ ማሽን መጠገን ይችላል። በፈራረሰ ስታዲየም መካከል ቆሞ በዚያ ስለተደረገው የመጨረሻ የአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታ በደስታ ይተርካል። ይህ የፊልሙ ስሕተት አይደለም። የአእምሮ ሳይንስ ትውስታን አንድ ወጥ ነገር አድርጎ አያየውም። ሠርጋችንን ወይም የመጀመሪያ የትምህርት ቀናችንን የምናስታውስበት የገጠመኝ ትውስታ አለ፤ የአንድ አገር ዋና ከተማ ማን እንደሆነች የምናውቅበት፣ የት እንደተማርነው ግን የማናስታውሰው የዕውቀት ትውስታ አለ፤ እጃችን የሚያውቀው፣ ቃል የማያስፈልገው የክህሎት ትውስታም አለ። እነዚህ በአእምሮ ውስጥ በተለያዩ ክፍሎች ላይ ስለሚመሠረቱ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ሊተርፍ ይችላል።

ዓለም ይህን በግልጽ የተረዳው በሄንሪ ሞሌዘን አማካይነት ነው። ሞሌዘን ከባድ የሚጥል በሽታ ነበረበት፤ እ.ኤ.አ. በ1953 በአሜሪካ በተደረገለት ቀዶ ሕክምና ሂፖካምፐስ የሚባለው የአእምሮ ክፍል አብዛኛው ከሁለቱም ወገን ተወሰደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ሞተበት እስከ 2008 ድረስ አዲስ ገጠመኝ በአእምሮው ሊያስቀር አልቻለም። ሆኖም ተመራማሪዋ ብሬንዳ ሚልነር በመስታወት ውስጥ ብቻ እያየ የኮከብ ቅርጽ እንዲስል ስታሠለጥነው ከቀን ወደ ቀን እየተሻሻለ ሄደ፤ ሥራውን ከዚህ በፊት ሠርቶት እንደሚያውቅ ግን አንድም ጊዜ አላስታወሰም። የጃክ ችግር ከሞሌዘን የተገላቢጦሽ ነው። አዲስ ነገር ያስታውሳል፤ የጠፋው የኋላው ነው። ክፍፍሉ ግን አንድ ነው፤ እጅ የሚያውቀውን ልብ ላያውቀው ይችላል።

ከሞሌዘን ይልቅ ለፊልሙ የሚቀርበው የእንግሊዛዊው ሙዚቀኛ የክላይቭ ዌሪንግ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ቫይረስ አእምሮውን አጥቅቶት የቅርቡንም የሩቁንም ገጠመኝ አብዛኛውን አሳጣው፤ ንቃቱ ከጥቂት ሰከንዶች የማይዘልል ሆነ። ይሁን እንጂ ፒያኖ መጫወት አልተወም፤ ሚስቱም በገባች ቁጥር ከብዙ ዓመት መለየት በኋላ እንዳገኛት ሁሉ በደስታ ይቀበላት ነበር። ከእሷ ጋር ያሳለፈውን አንድ ቀን እንኳ በዝርዝር ሊናገር የማይችል ሰው፣ እሷን መውደዱን አልረሳም። ስለዚህ ጃክ ስሟን ሳያውቅ ጁሊያን በሕልሙ ማየቱ፣ ሲያገኛትም ምክንያቱን ሳያውቅ ለእሷ ብሎ በድሮን ፊት መቆሙ ከሰው ተፈጥሮ የራቀ ድርሰት አይደለም።

ፊልሙ ሳይንሱን የሚያልፈው ግን ሌላ ቦታ ላይ ነው። በተለምዶ ክሎን የምንለው ነገር የዘር ቅጂ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በስኮትላንድ የተወለደችው ዶሊ የተባለች በግ ከአንዲት ትልቅ በግ ሕዋስ ብትገኝም፣ የተወለደችው ግልገል ሆና ነው፤ እናቲቱ የምታውቀውን መስክም አላወቀችም። ገጠመኝ የሚከማቸው በነርቭ ሕዋሳት መካከል በሚፈጠረው ግንኙነት እንጂ በዘር ቅንጣት ውስጥ አይደለም። እንግዲህ የጃክ ቅጂዎች የኢምፓየር ስቴትን አናት የሚያስታውሱ ከሆነ፣ ቴት የገለበጠው የጃክን ዘር ብቻ ሳይሆን አእምሮውን ከነሕዋሱና ከነግንኙነቱ በሙሉ ነው ማለት ነው። ፊልሙ ይህን በቃል አይነግረንም፤ ታሪኩ እንዲቆም ግን እንዲህ መሆን አለበት። ስረዛውም ትዝታውን አላጠፋውም ማለት ነው፤ መንገዱን ዘግቶበት እንጂ። በዚህ ዓይን ሲታይ በሁሉም ቅጂዎች ውስጥ፣ በገዳዮቹ ወታደሮች ውስጥ ጭምር፣ ያቺ የሕንፃ አናት ተቀምጣ ነበር። ይህ ሐሳብ ከታች ወሳኝ ይሆናል።

ትዝታው የማን ነው?

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ እ.ኤ.አ. በ1694 በታተመው በዋና መጽሐፉ ሁለተኛ እትም ላይ ማንነትን ከአካልም ከነፍስም ለይቶ ከንቃት ጋር አቆራኘው። የአንድ ልዑል ንቃት ከነትዝታው ወደ አንድ ጫማ ሠሪ አካል ቢገባ፣ ያ ጫማ ሠሪ የሚመስለው ሰው በልዑሉ ሥራ የሚጠየቀው ልዑሉ ራሱ ነው አለ። ለሎክ ትናንት የተሠራውን ሥራ «እኔ ሠራሁት» ብዬ በውስጤ ካወቅሁት፣ ያ የትናንቱ ሰው እኔ ነኝ። 52 ቁጥር በመጨረሻ የሚናገረው ቃል ከዚህ ሐሳብ ጋር የተስማማ ይመስላል፤ የጃክ ትዝታ በእኔ ውስጥ አለና ጃክ እኔ ነኝ እንደ ማለት ነው።

ነገር ግን ሎክን ተከትለው የመጡ ሰዎች ሁለት ቀዳዳ አገኙበት። ጳጳሱ ጆሴፍ በትለር እ.ኤ.አ. በ1736 ትዝታ ማንነትን ሊሠራ አይችልም፣ አስቀድሞ ማንነትን ይፈልጋልና ሲሉ ጻፉ። አንድ ሐሳብ የእኔ ትዝታ የሚሆነው ነገሩ የገጠመኝ እኔ ስሆን ነው፤ የገጠመው ሌላ ሰው ከሆነ ግን በአእምሮዬ ያለው ምስል እንጂ ትዝታ አይደለም። ይህን በ49 ቁጥር ላይ እንየው። የኢምፓየር ስቴት ምስል በአእምሮው አለ፤ ይሁንና ያ ቀን ሲሆን የእሱ አካል ገና አልተሠራም ነበር። ትዝታው የእሱ ነው ወይስ የሌላ ሰው ትዝታ በእሱ ውስጥ ተቀምጧል ለማለት፣ አስቀድመን እሱ ማን እንደሆነ መወሰን አለብን። ልንመልሰው የፈለግነውን ጥያቄ መልሱ ራሱ ይጠይቀናል።

ስኮትላንዳዊው ቶማስ ሪድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1785 የአንድ ጀኔራል ምሳሌ አመጣ። ጀኔራሉ በልጅነቱ ፍሬ ሰርቆ ተገርፏል፤ በወጣትነቱ የጠላትን ሰንደቅ ማርኳል። ሰንደቁን ሲማርክ ግርፋቱን ያስታውስ ነበር፤ ጀኔራል ከሆነ በኋላ ግን ሰንደቁን ያስታውሳል፣ ግርፋቱን ፈጽሞ ረስቶታል። በሎክ መለኪያ ጀኔራሉ ሰንደቅ የማረከው ወጣት ነው፤ ወጣቱም የተገረፈው ልጅ ነው፤ ጀኔራሉ ግን የተገረፈው ልጅ አይደለም። ይህ እርስ በርሱ የሚጋጭ ስለሆነ፣ ከሎክ ጋር የቆሙት ሐሳቡን አሻሻሉት፦ ዛሬ ትናንትን፣ ትናንት ከትናንት ወዲያን እያስታወሰ የተያያዘ ሰንሰለት ካለ ሰውየው አንድ ነው አሉ።

የ«ኦብሊቪየን» ጥያቄ በሙሉ ኃይሉ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ሰንሰለቱ ለሁለት ቢከፈልስ? በርናርድ ዊልያምስ የተባለው ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ይህንኑ አንሥቶ ነበር። ዛሬ የሚኖር አንድ ሰው ድንገት ተነሥቶ ከብዙ ዘመን በፊት የሞተን አንድ የታወቀ ሰው ሕይወት ሁሉ ቢያስታውስ «እሱ ተመልሶ መጣ» ልንል እንችል ይሆናል። በማግስቱ ግን የዚህ ሰው ወንድም በተመሳሳይ ሁኔታ ያንኑ ሕይወት ማስታወስ ቢጀምርስ? ሁለቱም ያ ሰው ሊሆኑ አይችሉም፤ እንዲያ ከሆነ ሁለቱ እርስ በርሳቸው አንድ ሰው ናቸው ማለት ይሆናል። አንዱን ከሌላው አስበልጦ የሚያስመርጥ ነገርም የለም። ስለዚህ የትዝታ መመሳሰል ብቻውን ማንነትን ሊያረጋግጥ አይችልም። ከተከለከለው ድንበር ማዶ ሁለት ጃኮች ሲደባደቡ የምናየው ትዕይንት ይህ ክርክር ሥጋ ለብሶ ነው፤ 52 ቁጥር ጁሊያን ሲያይ ደንግጦ መቆሙም ያው ትዝታ በእሱም ውስጥ መኖሩን ያረጋግጣል።

ዴሬክ ፓርፊት እ.ኤ.አ. በ1984 ከዚህ ሁሉ ያልተለመደ መደምደሚያ ላይ ደረሰ። ሰንሰለቱ ሲከፈል «የትኛው ነው እሱ?» የሚለው ጥያቄ መልስ ላይኖረው ይችላል፤ ደግሞም አያስጨንቅም፤ ትልቁ ቁም ነገር ትዝታው፣ ጠባዩና ዕቅዱ በአንድ ሰው ውስጥ መቀጠላቸው ነው አለ። ከመጀመሪያው ጃክ ቦታ ሆኖ ለሚያስብ ሰው ይህ አጽናኝ ነው። የማደርገውን የሚያደርግ፣ የምወደውን የሚወድ ሰው ከእኔ በኋላ ካለ ሞቴ ሙሉ ሞት አይደለም።

ከጁሊያ ቦታ ሆኖ ለሚያስብ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ሰው የሚወደው የጠባይ ዝርዝር አይደለም፤ አንድን የተለየ ሰው ነው። ከፊልሙ ሦስት ጃኮች ጋር ያላትን ግንኙነት በጥንቃቄ እንመልከተው። ያገባችው የመጀመሪያውን ነው፤ እሱ በ2017 ጠፍቷል። ልጅ የወለደችለት፣ ሊያድናትም ብሎ የሞተው 49 ቁጥር ነው። 52 ቁጥር የመጀመሪያውን ትዝታ ከ49 ቁጥር እኩል ይጋራል፤ ከ49 ቁጥር ሕይወት ግን አንዲት ቀን አያስታውስም። በሐይቁ ዳር ያደሩባትን ሌሊት አያውቅም፤ ስለ ልጅቱ አያውቅም፤ ወደ ቴት የገባው እሱ አይደለም። ስለዚህ «እሱ ነኝ» ሲል የትኛውን «እሱ» ማለቱ ነው ብለን መጠየቅ አለብን። የመጀመሪያውን ከሆነ ከ49 ቁጥር ያላነሰ መብት አለው። 49 ቁጥርን ከሆነ ግን በትዝታ መለኪያ ሊሆን አይችልም።

ሌላም ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ። 52 ቁጥር ሦስት ዓመት የፈለገውን ቤት አይቶት አያውቅም። ቤቱ እንደሚኖር የገመተው፣ በሰውየው ቦታ ቢሆን ኖሮ እሱም እንዲህ ያለ ቤት ይሠራ እንደነበር ስላወቀ ነው። ወደ ጁሊያ ያደረሰው ትዝታ ሳይሆን ጠባይ ነው ማለት ነው። ፊልሙ ስለ ትዝታ በሚናገርበት በዚያው ትንፋሽ፣ ሰውየውን መንገድ የመራው ሌላ ነገር መሆኑን ያሳያል።

ገዳዮቹ ጃኮች

ጠባይ ብቻውን በቂ ነው እንዳንል ደግሞ ፊልሙ ራሱ ያግደናል። የሰውን ዘር የፈጁት ወታደሮች የጃክ አካል፣ የጃክ አእምሮ፣ የጃክ ጠባይ ነበራቸው። በውስጣቸውም የተዘጋች ትዝታ ነበረች። በእነሱና በ49 ቁጥር መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?

ቢች ለዚህ የሚሰጠው መልስ ከፊልሙ ሁሉ በላይ የምወደው ነጥብ ነው። ከጃኮች አንዱ ወደ ፍርስራሽ ወርዶ መጽሐፍ አንሥቶ ቆሞ ሲያነብ አይቶታል፤ በዚያች ቅጽበት በውስጡ ሰው እንዳለ አወቀ። ማንም እንዲያነሣ አላዘዘውም፤ መጽሐፉም ከተሰረዘው ትዝታ የመጣ አይደለም፤ አዲስ የተገኘ ነው። በውስጡ ያለው ቶማስ ማኮሌይ እ.ኤ.አ. በ1842 ያሳተመው፣ ሆራቲየስ የተባለ ጀግና የሮምን ድልድይ በጠላት ፊት ቆሞ መጠበቁን የሚተርክ ግጥም ነው። ጃክ ወደ ቴት ገብቶ ሊሞት ሲል በአንደበቱ የሚገኘው ይኸው ግጥም ነው። እንግዲህ ለታላቁ ሥራው ቃል የሆነው የኢምፓየር ስቴት ትዝታ ብቻ አይደለም፤ ራሱ መርጦ ያነሣውና ያነበበው ነገርም ነው። በሐይቁ ዳር ያከማቻቸው መጻሕፍትና ሸክላዎችም እንዲሁ ናቸው። ያለፈ ሕይወት የተነፈገው ሰው ከሌሎች ሰዎች ቅሪት ለራሱ ያለፈ ሕይወት ሠራ። የሚኖርበት ማማ በአንጻሩ ሁሉ ነገሩ ነጭና መስተዋት ነው፤ ያረጀ ዕቃ አይታይበትም።

ሎክ የማንነትን ጥያቄ ከቅጣትና ከሽልማት ጋር ያያያዘው ያለ ምክንያት አልነበረም። ማን መሆኔ የሚታወቀው በምጠየቅበት ነገር ጭምር ነው። ፊልሙ ግን ይህን በር ከፍቶ አይገባበትም። 49 ቁጥር መልኩን የያዙ ሺዎች ሕዝብ መፍጀታቸውን ከሰማ በኋላ ያ ዕዳ የእሱ ነው አይደለም ብሎ ሲሟገት አናይም። በዋሻው ውስጥ ከሚኖሩት ተራፊዎች መካከል ሳይክስ የተባለው ተዋጊ አያምነውም፤ ነገር ግን ቤተሰቡን በዚህ ፊት ባለቤት እጅ ያጣ አንድ ሰው ተነሥቶ ሲጮኽበት መስማት ነበረብን። ተኩሱና በረራው የያዙት ሰዓት ለዚህ ቢሰጥ ኖሮ ፊልሙ ከተወዳጅ ፊልምነት አልፎ ታላቅ ሥራ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ።

ፊልሙ ፍትሕ ያጎደለባት ሌላዋ ሰው ቪክቶሪያ ናት። እሷም እንደ ጃክ ቅጂ ናት፤ የእሷም ያለፈ ሕይወት ተሰርዟል፤ በኦዲሲ ላይ የነበረችው ቪክቶሪያ ጃክን ትወደው እንደነበር የሚጠቁም ነገርም አለ። ጃክ ከምድር አበባ ሲያመጣላት ከማማው ትጥለዋለች፤ የተከለከለውን መጠየቅ አትፈልግም። ብዙ ተመልካች ፈሪ አድርጎ ይፈርድባታል። ነገር ግን ስለ ማንነት በሚናገር ፊልም ውስጥ የእሷ ምርጫም መልስ ነው። እሷ ያላት ሕይወት ይህ የአምስት ዓመት ሕይወት ብቻ ነው፤ ያለፈው ቢመለስ ጃክ የሌላ ሴት ባል ይሆናል። ለጃክ ማስታወስ መዳን ሲሆን፣ ለእሷ ግን ያላትን ሁሉ ማጣት ነው። ድሮን ከገደላት በኋላ ፊልሙ ወደ እሷ አይመለስም፤ በ52ኛው ማማ ስላለችው ሌላዋ ቪክቶሪያ መጨረሻም አይነግረንም። 52 ቁጥር ሦስት ዓመት ጁሊያን ሲፈልግ አብራው ትኖር የነበረችው ሴት የት ደረሰች?

በደጇ የቆመው ሰው

አሁን ወደ መጨረሻው ትዕይንት መመለስ እንችላለን። 52 ቁጥር ጃክ ሃርፐር ነው ወይ ለሚለው ጥያቄ እኔ የምመልሰው፣ ከመጀመሪያው ጃክ የወጣ እኩል ቅርንጫፍ ነው፤ 49 ቁጥርን ግን አይደለም ብዬ ነው። ልጅቱ አባቷን አጥታለች፤ የመጣው የአባቷን ሥራ ያልሠራ፣ የአባቷ ዓይነት ሰው ነው። ለጁሊያ ደግሞ ጉዳዩ ከዚህ ይለያል፤ 49 ቁጥርንም ቢሆን የተቀበለችው ያገባችው ሰው አካል አለመሆኑን ካወቀች በኋላ ነው። አንድ ጊዜ ያደረገችውን እንደገና ልታደርገው ትችላለች። ያን ጊዜ ግን 49 ቁጥር ለእሷ ሲል ያደረገውን አይታ ነበር፤ ስለ 52 ቁጥር የምታውቀው ደግሞ ፈልጎ መምጣቱን ብቻ ነው።

ፊልሙ የእሷን መልስ አያሰማንም፤ ቃሉን ሁሉ ለእሱ ሰጥቶ ይዘጋል። ይህ ትልቅ ጉድለት ነው፤ ምክንያቱም «እሱ ነኝ» የሚለው ቃል በተናጋሪው ብቻ እውነት ሊሆን አይችልም። ቴት ከጠፋ በኋላ በምድር ዙሪያ በየማማቸው የቀሩ ሌሎች ጃኮች ይኖራሉ፤ የኢምፓየር ስቴት ትዝታ በእነሱም ውስጥ ከ52 ቁጥር ባልተናነሰ ተቀምጧል። ከእነሱ አንዱ ነገ ያቺን ሴት በሕልሙ አይቶ፣ እሱ ቢሆን ቤት የሚሠራበትን ሐይቅ እየገመተ ፍለጋ ቢነሣና እዚያው ደጅ ቢደርስ፣ 52 ቁጥር የተናገረውን ቃል በሙሉ መብት መናገር ይችላል። ሁለቱ ጎን ለጎን ቢቆሙባት ጁሊያ አንዱን ከሌላው በትዝታቸው መለየት አትችልም፤ የምትለየው ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእሷና ከልጇ ጋር በሚኖሩት ኑሮ ብቻ ነው።